ገመድ አይገባሽ

ከዋርካ በር ከተማ በስተምሥራቅ፣ ከመምህራን ኮሌጁ የግንብ አጥር ጀርባ የተንጣለለው ሜዳ እስከ ዛሬ «ገመድ አይገባሽ» ተብሎ ይጠራል። ስሙን ሰምቶ የመጣ እንግዳ መጀመሪያ የሚያስተውለው ሁለቱ ጎሎች ፊት ለፊት አለመተያየታቸውን ነው፤ አንደኛው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ሌላኛው ወደ ወፍጮ ቤቱ ያዘነብላል። የግራው መስመር ከቀኙ ይረዝማል። እኔ በዚህ ሜዳ ላይ ፊሽካ ስነፋ ጠጉሬ ሸብቷል፤ ሜትር ይዤ እንድገባ ግን አንድም ቀን ተፈቅዶልኝ አያውቅም። ገመድም፣ ሲባጎም፣ የልብስ ሰፊ ሜትር እንኳ ክልክል ነው፤ መስመሩ በዓይን ግምት ይሰመራል። ይህ አልበቃ ብሎ፣ ኳስ መስመር አለፈች አላለፈችም የሚል ክርክር ሲነሣ፣ እኔ ዳኛው በቁሜ እያለሁ፣ ሜዳው ዳር ከብት ከሚጠብቁት ሴቶች መካከል በዕድሜ የገፉት ይጠየቃሉ። እሳቸውም ጨዋታውን አዩትም አላዩትም፣ ኳሷን የመታት የኮሌጁ ልጅ ከሆነ «አልፋለች» ይላሉ፤ እንግዳ ከሆነ ደግሞ «እኔ ምን አውቄ!» ብለው ወደ ከብቶቻቸው ይዞራሉ።

ባህል ነው ይሉኛል። ባህል ከሆነስ ከየት መጣ ብሎ የጠየቀ ሰው አበሳውን ያያል። ገሚሱ በጥንት ዘመን አንድ መነኩሴ ገመድን ረግመው ነው ይላል፤ ገሚሱ አንድ በሬ በገመድ ታንቆ ሞቶ ነው ይላል፤ አንዱ ደግሞ ባለፈው ዓመት የንጉሥ ድንኳን ታሪክ ፈጥሮ አመጣልኝ። ዕድሜ የጠገቡት ሽማግሌዎች የሚስማሙበት ታሪክ ግን ከነዚህ ሁሉ ይበልጥ ለማመን የሚያስቸግር ነው፤ የሜዳው ስም የመጣው ከአሜሪካኖች እግር ኳስ ነው ይባላል።

እንደሚነገረው በጃንሆይ ዘመን፣ ኮሌጁ ገና ጥቂት የጭቃ ክፍሎችና አንድ የቆርቆሮ አዳራሽ በነበረው ጊዜ፣ ሳይንስ ሊያስተምር አንድ ረጅም አሜሪካዊ መጣ። ስሙ ኮል ነበር ይላሉ፤ ከተማው ግን ሚስተር ቆሎ አለው። ከሻንጣው ያወጣት ኳስ ክብ አልነበረችም፤ ሁለት ጫፏ የሾለ፣ ቡናማ የቆዳ ኳስ ነበረች። በአገሩ እግር ኳስ የሚባለው በእጅ ታቅፈው የሚሮጧት ይህች መሆኗን ሲናገር ተማሪዎቹ ከት ብለው ሳቁ። ሕጉን ሲያስረዳቸው ደግሞ ሳቃቸው ወደ ራስ ምታት ተለወጠ። ኳሷን የያዘው ቡድን አራት ጊዜ ይሞክራል፤ በአራቱ ሙከራ አሥር ያርድ፣ ማለትም ዘጠኝ ሜትር ያህል፣ ወደፊት ከገፋ ኳሷ የእሱው ሆና ይቀጥላል፤ ካልገፋ ለባላጋራው ያስረክባል። ስለዚህ ትንሽ ሮጠው ይወድቃሉ፤ ተነሥተው፣ ክብ ሠርተው፣ አንገት ላንገት ተቃቅፈው ይመካከራሉ፤ ከዚያ ይጋጫሉ፤ ወድቀው እንደገና ይመካከራሉ። ሜዳው ዳር ከብት የሚጠብቁት ሴቶች ይህን ለቀናት ሲያዩ ሰንብተው፣ «ኧረ ምን ቢያጣላቸው ነው እንዲህ ሸምግለው ሸምግለው የማይታረቁት?» ይሉ ነበር ይባላል። ዕድሜዬን ሙሉ ስለዚያ ጨዋታ ከዚህ የተሻለ ትችት አልሰማሁም።

የቡድኑ አምበል ሸዋንግዛው የሚባል፣ እዚያው ሜዳው አጠገብ ተወልዶ ያደገ ተማሪ ነበር። ሌሎቹ ለቀልድ ሲጫወቱ እሱ የምሩን ያዘው፤ ስንፍና ያየበትን ተጫዋች እስከ መኝታ ቤቱ እየተከተለ ይጨቀጭቅ ነበር። የኮሌጁ ዲሬክተር በበኩላቸው እጁን በሻሽ ያንጠለጠለ፣ እርሳስ መያዝ ያቃተው ተማሪ ሲበዛባቸው ተማረሩ። ከወንዝ ማዶ ያለው የእርሻ ትምህርት ቤትም እንዲሁ አንድ አሜሪካዊ አስተማሪ ያቋቋመው ቡድን ነበረውና፣ ግጥሚያ በተቀጠረ ጊዜ ዲሬክተሩ ሸዋንግዛውን ጠርተው፣ «ካሸነፋችሁ ቀጥሉ፤ ከተሸነፋችሁ ግን ይህ መላተም ዛሬውኑ ይቁም» አሉት። ሸዋንግዛውም ያን ሰሞን እህል አልበላ አለው ይባላል።

የሸዋንግዛው እናት ወይዘሮ በለጥሻቸው የሚባሉ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ነበሩ፤ የሚያሳርሱባቸው ሁለት በሬዎች በዚያው ሜዳ ላይ ይግጡ ነበር። ሜዳው የመንደሩ የወል ግጦሽ እንጂ የኮሌጁ አልነበረም፤ ኮሌጁ ሲጫወትበት መንደሩ ዝም ያለው የራሱ ልጆችም ስላሉበት ነው። ወይዘሮ በለጥሻቸው ግን ከሰው ሁሉ ተለይተው የሚፈሩት አንድ ነገር ነበራቸው፤ እሱም ቃላድ ነው። ቃላድ ማለት የመንግሥት መሬት ለኪዎች የሚጎትቱት ገመድ ነው፤ ባለፈበት ሁሉ የሰው ርስት «ትርፍ» እየተባለ ይቆረጥ ነበር። ወይዘሮዋ ልጅ ሳሉ ሁለት ሰዎች ቀይና ነጭ የተቀባ ዘንግ ይዘው አባታቸው ማሳ ላይ ቆሙ፤ በመካከላቸው ገመድ ተወጠረ፤ አባታቸውም ከዚያ በኋላ በሰው መሬት ላይ ጭሰኛ ሆነው ሞቱ።

እንግዲህ ሚስተር ቆሎ በዓለም ላይ ካለው ቀለም ሁሉ መርጦ አሥሩ ያርድ መሙላቱን የሚለካባቸውን ሁለት ዘንጎች ምን እንደቀባቸው ገምቱ! ቀይና ነጭ። በሁለቱም መካከል ገመድ አሰረ። አንድ ሰው፣ አንድ እንኳ የመንደር ሰው፣ «ኧረ ጌታዬ፣ ይህ እዚህ አገር ሌላ ትርጉም አለው» ብሎ አልነገረውም።

ግጥሚያው ደረሰ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል የዋርካ በር ልጆች በነጥብ እየተመሩ፣ ኳሷን ግን ይዘው፣ ጎሉ አፋፍ ላይ ደርሰው ነበር። የመጨረሻው ሙከራ ነው፤ አሥሩን ያርድ ካለፉ ጨዋታው ይቀጥላል፣ ካላለፉ አለቀላቸው። ሸዋንግዛው ኳሷን አቅፎ ተወረወረ፤ የእርሻ ትምህርት ቤቱ ቡድን በሙሉ ላዩ ላይ ተከመረ። ሰዉ ከላዩ ሲነሣ ኳሷ ከደረቱ ሥር ነበረች። «አለፈች!» አለ አንዱ ወገን፤ «አላለፈችም!» አለ ሌላው። ሚስተር ቆሎም ፊሽካውን ነፍቶ ገመዱ እንዲመጣ አዘዘ። ሁለት ሰዎች ቀይና ነጩን ዘንግ ይዘው ወደ መሐል ገቡ፤ ገመዱ ሣሩ ላይ ተወጠረ።

ወይዘሮ በለጥሻቸው በሬዎቻቸውን ሊመልሱ የመጡት በዚያች ቅጽበት ነው።

«ኧረ የሰው ያለህ! ሜዳችንን ለኩት!» የሚለው ጩኸታቸው እስከ ወፍጮ ቤቱ ተሰማ ይባላል። ሮጠው ገቡ፤ ገመዱን በግራ እጃቸው ጨብጠው ወደ ራሳቸው ሳቡ፤ በቀኛቸው በያዙት ማጭድ ቆረጡት። ሚስተር ቆሎ በሚያውቃት ጥቂት አማርኛ «ጨዋታ ነው! ጨዋታ ነው!» ቢላቸው፣ «በአባቴም ጊዜ እንደዚሁ እየሳቁ ነው የለኩት!» ብለው መለሱለት። ጩኸቱን የሰማ የመንደሩ ሰው ዱላ ዱላውን ይዞ ሜዳውን ሞላው፤ የእርሻ ትምህርት ቤቱ ቡድን ከነመለያው ወንዙን ተሻግሮ ሸሸ። ሸዋንግዛው ብቻ ኳሷ ያረፈችበትን ቦታ በእጁ ሸፍኖ፣ «እባካችሁ አትርገጡት! እማዬ፣ አታስረግጭው!» እያለ ሲለምን ሰው፣ በሬውም ጭምር፣ ረግጦት አለፈ።

ዲሬክተሩ በማግሥቱ ጨዋታውን ከለከሉ። ሚስተር ቆሎ ወዳገሩ ሄደ፤ ኳሷን ዕቃ ቤት ውስጥ አይጥ በላት። ሸዋንግዛው ተመርቆ ሩቅ ቆላ አገር ሊያስተምር ወረደ፤ ከእናቱ ጋር ግን እንደተኳረፈ ቀረ። ለዓመት በዓል አልመጣም፤ ሲታመሙም አልጠየቃቸውም። ለአንዲት ሹል ኳስ! ብዙ ጊዜ ይህን ታሪክ ስሰማ እዚህ ላይ ስደርስ ሁለቱንም ባገኛቸው እላለሁ።

ከዓመታት በኋላ ሸዋንግዛው ሚስት ሊያገባ ሽማግሌ ቢልክ፣ የልጅቱ ወገኖች «እናቱን ያኮረፈ ለሚስቱ ምን ሊሆን?» ብለው መለሷቸው። ሽማግሌዎቹም ከዚያው ሜዳ ዳር ካለው ዋርካ ሥር እናትና ልጅን አስቀመጡ። ወይዘሮ በለጥሻቸውን «አጥፍቻለሁ በይና ይለቅ» አሏቸው። እሳቸውም፣ «ገመዱን በመቁረጤ አላጠፋሁም፤ ዛሬም ቢመጣ እቆርጠዋለሁ» አሉ። ሽማግሌዎቹ ተስፋ ቆርጠው ሊነሡ ሲሉ፣ ወይዘሮዋ «ኳሷ ግን አልፋለች» አሉ።

ሸዋንግዛው ቀና አለ። «በምን አወቅሽ?»

«ገመዱን በእጄ የያዝኩት እኔ አይደለሁም? ጫፉ ከኳሷ ኋላ ቀርቶ ነበር። አልፋለች፣ ልጄ።»

ይህ መልስ ነው? ወደ ራሳቸው የሳቡት ገመድ ምን ምስክር ይሆናል? እዚያ ከነበሩት ሽማግሌዎች አንዱ ይህንኑ ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ ጎረቤታቸው በክርን ጎሸሟቸው ይባላል። ሸዋንግዛው ግን እናቱ ጉልበት ላይ ተደፍቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ እሳቸውም ራሱን እየዳበሱ «አልፋለች፣ አልፋለች» ይሉት ነበር። ሽማግሌዎቹም ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ ሜዳ ገመድ እንዳይገባ፣ የአለፈች አላለፈች ክርክር ቢነሣ ደግሞ ሜዳው ዳር ካሉት እናቶች ትልቋ እንድትጠየቅ ቆረጡ። ለዳኛ የታሰበ ነገር አልነበረም።

ዘንድሮ ኮሌጃችን ከስንት ዘመን በኋላ አንድ ጊዜ፣ በተለመደው በክቡ ኳስ፣ ለዋንጫ ደረሰ። አቻ ሆነን ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ከሩቅ አገር ከመጣው ቡድን አንድ ቀጭን ልጅ ኳሷን መታት፤ የጎሉን አግዳሚ ነክታ፣ መሬት ነጥራ፣ በረኛው እጅ ገባች። አለፈች፣ አላለፈችም፣ ተባለ። የኛ ልጆች እየሳቁ፣ ዛሬ ከከብት ጠባቂዎቹ ሴቶች በዕድሜ ትልቋ ወደሆኑት ወደ እማማ ወርቅያንጥፉ ሄዱ፤ መልሱ ይታወቃላ!

እማማ ወርቅያንጥፉ ጥጃቸውን እያሻሹ፣ «ማነው የመታት?» አሉ።

«እንግዳው ልጅ ነው፣ እማማ።»

«እናቱ መጥታለች?»

ዞር ዞር ብለን አየን። «አልመጣችም፤ አገሩ ሩቅ ነው።»

«እንግዲያ እኔ ልበልለት» አሉ። «አልፋለች።»

የኮሌጁ ተማሪ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። መስመሩ ላይ ቆሜ ነበርና ኳሷ እንዳላለፈች በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ልጁ ሮጦ የእማማን ጉልበት ሲስም ደግሞ አየሁ። ፊሽካዬን ነፋሁና ጎሉን አጽድቄ እጄን ወደ ሜዳው መሐል ዘረጋሁ፤ መሐሉም የት እንደሆነ እንግዲህ በግምት ነው።