ቡሪትና የረቡዕ ወተት

ተረት ተረት።

የላም በረት አላችሁ? እሰይ። ከላም በረት ወተት ይታለባል፣ የዛሬው ተረቴም የወተት ነው። አንቺ እግርሽን ሰብሰብ አድርጊና ለኋለኞቹ ቦታ ልቀቂ። አንተም እሳቱን መቆስቆስ ተውና አድምጠኝ።

በድሮ ዘመን፣ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አጥር ተጋርቶ በሚኖርበት በአንድ የወሎ መንደር፣ አስካለ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ በክፉ ቀን ሞቶባታል። ልጅም አልነበራት። ያ ክፉ ቀን ሰዉን ዘሩን ሳይቀር አስበልቶት ነበርና፣ ዝናብ ሲመጣ የሚዘራ እፍኝ እህል ጠፋ። ከዚያም የተረፈው ሰው ተሰበሰበና ተማማለ። ከእንግዲህ የዘር እህል በአንድ ቤት ይቀመጣል፣ እስከ ሰኔ ማንም አይነካውም ተባለ። ማን ቤት? አስካለ ቤት። እጇ የታመነ ነው፣ አፏ ደግሞ እሳት ነው። ከዘሩ እፍኝ ልቆንጥር ያለ ሰው መድረሻ ያጣል።

ጎታ ታውቃላችሁ አይደል? ከጭቃና ከጭድ የሚሠራው የእህል ማስቀመጫ። አስካለ ስድስት ጎታ ሠርታ በቤቷ አቆመችና የመንደሩን ዘር ሞላችበት። ሰው ፈራት። አይጥ ግን አልፈራትም፣ አይጥ ስድብ አይገባውም።

ያን ጊዜ ነው ቡሪት የመጣችው። ዝናብ የመታት ትንሽ ድመት ናት፣ ጥቁርና ነጭ፣ መዳፍ የምትሞላ። በበሩ ገባችና አስካለ እግር ላይ ተኛች። አስካለም ልትገፋት እጇን ዘረጋችና መልሳ ሰበሰበችው። ባሏ ከሞተ ወዲህ በዚያ ቤት የሚተነፍስ ነገር አጠገቧ ሲተኛ የመጀመሪያው ነበር። ቡሪት አደገችና አይጡን ፈጀችው። ሰኔ ደረሰ፣ ጎታው ተከፈተ፣ ዘሩ አንድ ቁና አልጎደለም።

ሰዉ ተደሰተና፦ ለዚህች ድመት ምን እናድርግላት? አለ።

እንግዲህ ረቡዕና አርብ ፆም ነው። ክርስቲያኑ ወተት አይቀምስም፣ ላሚቱ ግን ፆም አታውቅም፣ ትታለባለች። ስለዚህ በየረቡዑና በየአርቡ ከየቤቱ አንድ አንድ ቅል ወተት ለቡሪት ይሂድላት ተባለ። በዐቢይ ፆም ደግሞ በየቀኑ። የቡሪት ድርሻ አሉት። ሰው ውለታ ሲመልስ ያለውን ነው የሚሰጠው፣ እነሱም ያላቸውን ሰጡ።

በመጀመሪያው ዓመት ምንም አልሆነችም። በሁለተኛው ግን ሆዷ ይጮህ ጀመር። ከዚያም ያስመልሳት ጀመር። ከዚያም ተቅማጡ መጣ። አንድ ሁለት ቀን ይተዋትና ደህና ሆነች ሲባል ይመለስባታል። ፀጉሯ ተበጣጠሰ፣ አጥንቷ ተቆጠረ፣ ጀርባዋን አጉብጣ ከጎታው ሥር ትቀመጥና አይጥ በፊቷ ሲያልፍ በዓይኗ ብቻ ትሸኘዋለች።

አስካለ ደበቀች። ጧት ጧት ሰው ሳይመጣ ቡሪት ያስመለሰችውን በአመድ ትሸፍንና ትጠርጋለች። ድመቷ መታመሟ ከታወቀ ይወስዱብኛል ብላ ነው። አይጡንም ራሷ ዱላ ይዛ ከጎታው ሥር ቁጭ ብላ ትጠብቅ ጀመር። አያችሁ፣ ድመቷ ስትታመም ሴትዮዋ ድመት ሆነች። ግን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። አንድ ቀን የመንደሩ ሽማግሌ አያ ተገኔ ዘሩን ሊያዩ መጡና ከአንዱ ጎታ ግርጌ ቀዳዳ አገኙ።

አያ ተገኔም፦ አስካለ፣ ይሄ ምንድን ነው? አሉ።

አስካለም ጎንበስ አለችና ቡሪትን ከጎታው ሥር አውጥታ አሳየቻቸው። 

እሳቸው ጨካኝ አልነበሩም። በክፉው ቀን ሁለት ልጆች ቀብረዋል። ድመቷን አዩ፣ ቀዳዳውን አዩ፣ ከዚያም፦ ልጄ፣ ይሄ ዘር የሰው ነፍስ ነው። እስከ ፋሲካ ካልዳነች ወንዝ ማዶ ጫካ ወስጄ እጥላታለሁ፣ ሌላ ድመትም አመጣለሁ አሉ።

ከዚያ ወዲያ ያልተሞከረ አልነበረም። አንዷ መጥታ የኮሶ ትል ነው አለችና ኮሶ አጠጣቻት። ድመቷ ኮሶውን ከነነፍሷ ልትተፋው ደረሰች። ሌላዋ ቡዳ በልቷት ነው አለችና ነጭ ሽንኩርት በአንገቷ አሰረችላት። ቡሪት ሽንኩርቱን በእግሯ ፈትታ ጣለችው። በመጨረሻም መሪጌታ ፈንቴ መጡና፦ መቼ መቼ ይብስባታል? ብለው ጠየቁ።

አስካለም አሰበችና፦ ሐሙስና ቅዳሜ ነው አለች። አምና በዐቢይ ፆም ደግሞ ልትሞትብኝ ነበር።

መሪጌታም ጭራቸውን ነስነስ አደረጉና፦ ታዲያ ምን ትጠይቂኛለሽ? ሰዉ ሲፆም እሷ ትገድፋለች፣ በማግስቱ ትቀሰፋለች። አስፁሚያት አሉ።

አትሳቁ። አስካለ አልሳቀችም። የጨነቀው ሰው የሰማውን ሁሉ ያደርጋል። ዐቢይ ፆም ሲገባ ለየቤቱ፦ ቡሪት ፆም ይዛለች፣ ወተት አታምጡ ብላ አስነገረች። አይጥ መያዟንም መግደፍ ነው ያለ ሰው ነበር፣ እሱን ግን አስካለ በአፏ መለሰችው።

ምን ሆነ መሰላችሁ? ዳነች! በሁለተኛው ሳምንት ማስመለሱ ቆመ። በአራተኛው ሆዷ ጠና። ሆሳዕና ሲደርስ ፀጉሯ አብረቀረቀ፣ ከጎታው ሥርም ሦስት አይጥ አወጣች። ሰዉ ተገረመ። አስካለም ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ተደፍታ አለቀሰች። ከደስታዋ ብዛት የማታውቀውን ሁሉ ትስም ነበር አሉ።

ፋሲካም ሆነ። ሰው ሁሉ ፆሙን ሲፈታ ቡሪትም ትፍታ ተባለ። ወተቱ መጣ፣ ከአስራ ሁለት ቤት፣ ለጋ ቅቤ ጣል ጣል የተደረገበት። አስካለም በቡሪት የሸክላ ጣባ ገለበጠችና በገዛ እጇ አቀረበችላት፦ ጠጪ የኔ እመቤት፣ አምሳ አምስት ቀን የፆምሽው አለቻት። ቡሪትም ጠጣች፣ ጣባውን ላሰች።

በማግስቱ መነሣት አቃታት። ከላይ ያስመልሳታል፣ ከታች ያስቀምጣታል። በማክሰኞ ዓይኗ ጎደጎደ፣ አፏም ደረቀ። አያ ተገኔም እንደ ቃላቸው ስልቻ ይዘው መጡ። በሩ ላይ ቆሙ፣ አልገቡም። አስካለ ድመቷን በነጠላዋ ጠቅልላ ደረቷ ላይ ይዛታለች።

አስካለም፦ አያ ተገኔ፣ ትሙትም እዚሁ ትሙት። በስልቻ አትሂድብኝ አለች።

ይህን ጊዜ የአጥሯ ተጋሪ ዘሐራ በጓሮ በር ገባች። ዘሐራ ሙስሊም ናት፣ የረቡዕ ወተት አዋጥታ አታውቅም፣ ወተቷን ቤተሰቧ ይጠጣዋል። ድመቷን አየችና፦ ደግሞ ምን አገኛት? አለች።

አስካለም፦ ፆሙ አድኗት ነበር፣ ስትፈታ ተመለሰባት አለች።

ዘሐራም፦ እህቴ፣ ፆም ሆድ የሚያድን ቢሆን የኔ ባል ሆዴን ሆዴን እያለ ባላረጀ፣ ስንት ረመዳን ፆሟል አለች። አያ ተገኔ ሳቃቸው አመለጣቸው። እሷ ግን አልሳቀችም፣ ቁጭ አለችና፦ እስቲ ንገሪኝ፣ በፆሙ ጊዜ ምን ቀረባት? አለች።

አስካለም፦ ምንም። አይጧን በልታለች፣ ውኃዋን ጠጥታለች። የቀረባት ወተቱ ብቻ ነው አለች።

ይህን አለችና ዞር አለች። ጣባውን አየችው። ጥግ ላይ ተቀምጧል፣ ጠርዙ ላይ ቅቤ ደርቆበታል።

ዘሐራም ቀስ ብላ፦ የኔ ትንሹ ልጅ ወተት አይስማማውም። በጠጣ ቁጥር ሆዱ ይነፋል። እኔም አጠንክሬ ላሳድገው እያልኩ እግተው ነበር፣ እናቴ እስክታስጥለኝ አለች።

አስካለም ድመቷን እንዳቀፈች፦ እኛ ነን ያሳመምናት አለች። እኔ ነኝ። ባመሰገንናት ቁጥር ነው የምትታመመው።

አያ ተገኔ ስልቻውን አጣጠፉና ብብታቸው ውስጥ ከተቱት። እስከ ሰኔ ልያት ብለው ሄዱ።

ከዚያም ማስታመሙ ተጀመረ። መጀመሪያ ውኃ፣ በጣቷ እያራሰች፣ ጠብታ በጠብታ። በሦስተኛው ቀን ዘሐራ ዶሮ አሳረደች። ጨው የለው፣ በርበሬ የለው፣ ቅቤ የለው፣ በውኃ ብቻ የተቀቀለ። አስካለም እንደ ክር ቀጭን ቀጭን አድርጋ በመዳፏ ይዛ አበላቻት፣ በቀን አራት ጊዜ፣ ከአንድ ጉርሻ ሳታሳልፍ። ክርስቲያን የሙስሊም እርድ አይበላም፣ ሙስሊምም የክርስቲያኑን። ቡሪት ግን ሁለቱንም በላች። በዚያ መንደር የሁሉንም ቤት ሥጋ የበላች እሷ ብቻ ናት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፣ እሷም ቀስ በቀስ ቆመች። አንድ ጧት አስካለ ከእግሯ ሥር የሞተ አይጥ አገኘች። እንደዚያ ደስ ያላት ስጦታ በዕድሜዋ አልነበረም።

ከባዱ ነገር ለሰዉ መንገሩ ነበር። አስካለ በየቤቱ ዞረችና፦ ወተታችሁ አሳመማት፣ ከእንግዲህ አታምጡ አለች። አንዳንዱ ተቀየመ። ምስጋናችንን ናቀች ያለም ነበር። ሌላ ጊዜ ቢሆን እሳቷን ትተፋበት ነበር፣ ያን ጊዜ ግን፦ አመስግናችኋታል፣ እኔም አመሰግናችኋለሁ። አሁን ደግሞ በሚስማማት አመስግኗት ብላ ለመነች። አስካለ ስትለምን ያየ አልነበረምና ሰዉ እሺ አለ።

ሰኔ ገባ። የሐዋርያትም ፆም ገባ፣ ረቡዕ መጣ። አስካለ ደጇን ዘግታ ተቀመጠች፣ ወተት የያዘ ሰው ይመጣ ይሆን እያለች። ማንም አልመጣም። ተመስገን አለች።

በማግስቱ ዘር መከፋፈያው ቀን ነበር። ጎታው ሲከፈት ዘሩ ከአንዲት እፍኝ በቀር ሙሉ ነው፣ ያችም እፍኝ ያ ቀዳዳ የበላው ነው። ሰዉ ስልቻ ስልቻውን ይዞ ተሰለፈ። አያ ተገኔም መጡ፣ ያንኑ ስልቻ ይዘው። አስካለ ስልቻውን ስታይ እጇ ሳታዘው ቡሪትን አነሣ።

አያ ተገኔም አዩዋትና፦ አይ ልጄ፣ ለዘር ነው አሉ። ከዚያም እጃቸውን ወደ ስልቻው ሰደዱና በቅጠል የተጠቀለለ ነገር አወጡ። ከዘሐራ ቤት የተቀበሉት የተቀቀለ ሥጋ ነው፣ ጨው አልነካውም። ለድመቷ አልወረወሩትም። እኚያ ትልቅ ሰው ጎንበስ አሉና አስካለን፦ ይስማማት ይሆን? ብለው ጠየቁ።

አስካለም እንባዋ መጣና፦ ይስማማታል አያ ተገኔ፣ እግዜር ይስጥልኝ አለች። ከዚያ በኋላ ነው ዘራቸውን የሰፈረችላቸው፣ ቁናውን ቁልል አድርጋ።

ቡሪት ጨርሳ ዳነች ብላችሁ ግን እንዳትናገሩ። አልዳነችም። ብርድ ሲገባ፣ ወይ ከሰው ቤት ወተት ስትሰርቅ፣ ጀርባዋ ይጎብጣል፣ ውኃና ቀጭን ሥጋው እንደገና ይጀመራል። አስካለም ጧት ጧት ከመነሣቷ በፊት እጇን የቡሪት ሆድ ላይ ታደርግና፣ ጠንቶ ስታገኘው፦ ዛሬንም ሰጠኸን፣ ተመስገን ትላለች። እንዲህ እያሉ ዘጠኝ ዓመት ኖሩ። ዘጠኝ ሰኔ ዘር ተከፈለ፣ ዘጠኝ ጊዜ ሞልቶ ተገኘ። በዚያ መንደር እስከ ዛሬ ድረስ እንግዳ ሲመጣ ዋንጫ ከመቅረቡ በፊት፦ ይስማማዎታል? ተብሎ ይጠየቃል አሉ።

እኔም ተረቴን ጨረስኩ። መልሱልኝ፣ አፌንም በዳቦ አብሱልኝ። ደርቆ ከሆነ ግን ጥርስ የለኝምና፣ መጀመሪያ ይስማማሽ ይሆን ብላችሁ ጠይቁኝ።