ዳግም የተወለደው ቁራ

ተረት ልንገራችሁ፤ የቆመ ይቀመጥ፣ የደከመው ጋደም ይበል።

ዕድሜዋን ሙሉ እህል ስትጫን የኖረች አንዲት አሮጊት አህያ ነበረች። ጭነቱ ጀርባዋን ልጦት የማይድን ቁስል አወጣባት። ጭነቷ በወረደ ቁጥር አንድ ቁራ እየመጣ ቁስሏን ይቦጭቃል።

ይኸው ቁራ በየዓመቱ ጥምቀት ሲደርስ ወንዝ ወርዶ ሦስት ጊዜ ይነከራል። ከዚያ ክንፉን እያራገፈ ይመጣና፣ «እመት አህዪት፣ እልል በዪ! ዳግም ተወልጃለሁ። የድሮው ቁራ እዚያው ውሃው ውስጥ ቀርቷል» ይላታል።

«እንኳን ደስ ያለህ» ትለዋለች፤ ለመከራከር አቅም የላትም። በማግስቱ ያው ቁስሏ ላይ ነው።

እንዲህ እያለ ስንት ዓመት አለፈ። አንድ ዓመት ግን ጥምቀት መጥቶ ሄደ፤ ቁራው እልል በዪ ሊላት አልመጣም። ከበዓሉ ሳምንት በኋላ፣ አህያዋ ጭነቷ ወርዶላት በቆመችበት፣ ድምፁን ሳያሰማ መጥቶ ጀርባዋ ላይ አረፈ። መሸሹም ሰልችቷት ነበርና ዓይኗን ጨፍና፣ ጥርሷን ነክሳ መንቁሩን ጠበቀች።

መንቁሩ ቁስሉን አልነካም። ቁራው ዙሪያውን እየዞረ ዝንቦቹን አንድ በአንድ ይለቅም ጀመር።

አህያዋ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ «አያ ቁራ፣ ዘንድሮ አልተጠመቅህም እንዴ?» አለችው።

ቁራው አፉ ዝንብ ሞልቶት ነበርና አልመለሰላትም፤ እሷም መልሱን ሳትጠብቅ በቆመችበት እንቅልፍ ወሰዳት።