በጎኗ የቆመችው ሴት

ከምነግራችሁ ውስጥ አንዲት ቃል ብዋሽ የነገዋን ፀሐይ አያሳየኝ። በጉንድ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን በምዕራቡ ግድግዳ ላይ አንድ ሥዕል አለ። እፊቱ የደረሰ ሁሉ ፊቱን ወደ ጎን ያዞርና አንድ ዓይኑን ብቻ እያሳየ ይሳለማል፤ ሕፃን ታዝሎ ሲገባ እንኳ ሳይነግሩት ያዞራል፤ የመንደሩ በቅሎ በደጁ ስታልፍ ስታዞር አይቻለሁ።

ሽማግሌዎች እንደሚሉት ልማዱ የመጣው ከብት ባለቀበት ዓመት ነው። ሥዕሉን የሣሉት አለቃ ዘወልድ የሚባሉ ሠዓሊ ነበሩ፤ እሳቸው በሣሉት አበባ ላይ ንብ እየሰፈረ ቀዳሹን ያስቸግር ነበር ይባላል። ሥዕሉ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ቀለም ሊያመጡ ቆላ ወረዱ፤ ሕዝቡም ገብቶ ቢያየው ደነገጠ። ተራራው ተዘቅዝቋል፤ ላሞች እግራቸውን ወደ ላይ ሰቅለው ደመና ላይ ቆመዋል፤ በመካከል ወጭት የያዘች ሴት በጎኗ ቆማ አንድ ዓይኗ ብቻ ይታያል። በአገራችን አሣሣል ጻድቅ በሁለት ዓይን፣ ኃጥእ በአንድ ዓይን እንደሚሣል የማያውቅ የለም።

መሪጌታ ክንፉ መቋሚያቸውን እያነሡ ይተረጉሙ ጀመር። «የተገለበጠው ተራራ ኑሯችን ነው። ላሞቹ ያለቁብን ከብቶች ናቸው።»

«ሴቲቱስ፣ የኔታ?»

«ከብቱን የበላች ዓይን ናት እንጂ ሌላ ምን ትሆናለች!»

«ወጭት ይዛ የለም እንዴ? ሸክላ ሠሪዋ አንጓች ናታ!» አለ አንዱ ከኋላ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ከቤቷ አወጧት። «እናንተ ሰዎች፣ የእኔም ላም እኮ ከላሞቻችሁ ጋር ሞታለች! የራሴን ላም በላሁ?» ብትላቸው፣ «ቡዳ ደግሞ የራሷን ትምራለች እንዴ!» ብለው ሳቁባት። ወንዙ በክረምት ሙላት ዛፍ እየነቀለ ሲወርድ ተሻገሪና ከአገራችን ጥፊ አሏት። ገባች፤ ተሻገረች የሚል ግን የለም።

በሦስተኛው ቀን አለቃ ዘወልድ ተመልሰው ነገሩን ሰሙ። «ያላለቀ ሥዕል ማን ተርጉሙ አላችሁ?» አሉ። «አምና ንዳድ ይዞኝ መንገድ ዳር ወድቄ ሁላችሁም አልፋችሁኝ ስትሄዱ፣ በወጭት ውሃ ያጠጣችኝ እሷ ናት። የሣልኩት ውሃው ላይ ያየሁትን ነው፤ ተራራውም ላሞቹም ደመናውም በውሃው ውስጥ ተዘቅዝቀው ነበር።»

«ታዲያ አለቃ፣ ፊቷን ስለ ምን አዞሩት?» አሉ መሪጌታው።

«እኔ አላዞርኩትም። ‹ዓይኔን ፈርተህ ውሃውን ሳትጠጣ እንዳትቀር› ብላ ያዞረችው ራሷ ናት።»

ከዚያ በኋላ አገሩ ሁሉ ወንዝ ወርዶ፣ ዓሣው እስኪሸሽ ድረስ እያገላበጠ፣ ሰባት ቀን ሙሉ አንጓችን ፈለጋት። በእሑድ ቅዳሴ መሪጌታ ክንፉ ከሥዕሉ ፊት ደርሰው ቀና ብለው ማየት አቃታቸውና ፊታቸውን በጎን አዞሩ፤ ከኋላቸው የነበረውም ሁሉ እንደሳቸው አደረገ፤ ይኸው እስከ ዛሬ ማንም በሁለት ዓይኑ አያየውም፣ እንግዳም ትርጉሙን ቢጠይቅ መልስ አያገኝም።

አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ ከራሴ ጨምሬያለሁ፤ ሰባት ቀን ፈለጓት ያልኩትን። የፈለጋት የለም።