የጋን ክዳን የሆነው መስታወት

መስታወት የግድ ክብ ይሁን ብሎ የፈረደው ማን ነው? ከመመለሳችሁ በፊት ይህን ስሙ።

አንድ ንጉሥ በሰፊ ሐይቅ ዳር ግንብ ነበረው። ከግንቡ አናት የተሰቀለው መስታወት የሐይቁን መልክ በነጭ ግድግዳ ላይ ይጥላል። ጠባቂዎቹ ግድግዳውን እያዩ፣ ማዕበል የያዛት ታንኳ ስትኖር ሰው ይልካሉ። መስታወቱ እንደ ወጭት ክብና ጎድጓዳ ስለሆነ መሀሉን ያጠራል፤ ዳር ዳሩን ያደበዝዛል። በዳር የሚያጠምዱት ደግሞ ድሆቹ ናቸው። ስለዚህ ማንም አልተጨነቀም።

አስካለ የምትባል መስታወት ሠሪ ነበረች፤ ወንድሟ በዚያ ዳር ሰጠመ። ከሐዘኗ ሳትወጣ ሌላ መስታወት ሠርታ መጣች፤ አንድ በኩል ያበጠ፣ ሌላው በኩል የሰረጎደ፣ ግራና ቀኙ የማይመሳሰል። የመስታወት ሠሪዎቹ አለቃ በሳቅ ፈነዳ።

«ይኼን በቅሎ ረግጦብሽ ነው?»

«መጀመሪያ ስቀለው፤ ከዚያ ትስቃለህ።»

አልሰቀለውም። ሙያውን አዋረደች ተብላ ከአገር ተባረረች። መስታወቱም የጋን ክዳን ሆነ።

አርባ ዓመት አለፈ፤ አዲስ ንጉሥም ነገሠ። አንዲት ሒሳብ አዋቂ የግንቡን መስታወት በራሷ የምትቀምር ማሽን ሠራችለት። ስለ ቅርጽ ምንም አላስተማረቻትም፤ ብርሃኑ ከየት ተነሥቶ የት እንዲያርፍ እንደሚፈለግ ብቻ ነገረቻት። ማሽኗ ከጠፍጣፋ መስታወት ተነሥታ፣ እያንዳንዷን ነጥብ ትንሽ ከፍ ትንሽ ዝቅ እያደረገች፣ በሦስት ቀን መቶ ቅርጽ ሥላ አወጣች። አንዱም ክብ አልነበረም።

«ተበላሽታለች!» አለ ያው የድሮው አለቃ።

የንጉሡ ጠጅ ጣይ ግን ከሥዕሎቹ አንዱን አየችና ጮኸች። «ጃንሆይ፣ ይቺማ የጋኔ ክዳን ናት!»

ሮጣ አመጣችው። አጥበው ሰቀሉት። ሐይቁ ከዳር እስከ ዳር ግድግዳው ላይ ፍንትው አለ፤ በሩቁ ሸምበቆ ጥግ ሦስት አጥማጆች የተገለበጠች ታንኳ ላይ ተንጠልጥለው እጃቸውን ያወዛውዛሉ። ከሰዓት በኋላ ሦስቱም፣ ልብሳቸው ሳይደርቅ፣ በግንቡ ደጃፍ እስክስታ ይወርዱ ነበር።

አስካለ ከተሰደደችበት ተፈልጋ ከሳምንታት በኋላ መጣች። ሊቀበሏት ከወጡት ከሦስቱ አጥማጆች ጋር ጨፈረች፤ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ያን ጊዜ አለቃው፣ አርጅቶ፣ ድንጋይ ተሸክሞ እግሯ ሥር ወደቀ።

«አስካልዬ፣ ይኸው ማሽኗም መሰከረችልሽ። በሞቴ፣ ሁላችንንም ይቅር በይን።»

ማሽኗ አለቃውን የበለጠችው በጥበብ አይደለም። የምትሳሳለት ቅርጽ ስላልነበራት፣ የተጠየቀችውን ብቻ ስለፈለገች ነው። እናንተስ፣ ሳትሞክሩት የጋን ክዳን ያደረጋችሁት የማንን ሥራ ነው?

አስካለ ግን እንዲህ አለች፦ «ድንጋዩን አውርድ፣ ወገብህን ያምሃል። ና፣ ጠጅ ጠጣ፤ ከቻልክም ጨፍር። ይቅርታ ግን የለኝም። ለአንተም፣ ለማንም።»