ሳይዳሰስ የተገዛ ጊታር

አንድ ጊታር መቺ ነበረ። አምሃ ይባላል። አሰላ ውስጥ ከአንዲት ትንሽ ባንድ ጋር ሰርግ ለሰርግ ሲዞር ነው ዕድሜው የሄደው። ዝነኛ አልነበረም፤ ነገር ግን ሰርግ የደገሰ ሁሉ «አምሃ አለበት ወይ?» ብሎ ሳይጠይቅ ባንድ አይከራይም ነበር።

የዚህ ሰው የግራ እጁ ጣቶች መድረቅ ጀመሩ። መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት ብቻ ነበር፤ በኋላ ቀኑን ሙሉ ሆነ። ሐኪሙ «እጅህን ካሠራኸው ይኖራል፤ ካስቀመጥከው ይደርቃል» ብሎ ቁርጡን ነገረው። ችግሩ የራሱ ጊታር አንገቱ ወፍራም፣ ክሩ ጠንካራ ነው። ትንሽ ከተጫወተበት በኋላ ጣቶቹ ማንኪያ እንኳ አይዙም። ለእጁ የሚለሰልስ ጊታር ካላገኘ ጣቱም እንጀራውም አብረው እንደሚሄዱ ስለገባው ፈራ። ሌላ ሥራ አያውቅምና በመፍራቱ አይፈረድበትም።

በዚህ መሀል በሙዚቀኞች የቴሌግራም ግሩፕ ላይ የአንድ አሮጌ ጊታር ፎቶ ወጣ። ባለቤቱ ጋሽ ተካልኝ የሚባሉ የድሬዳዋ ሰው ናቸው፤ በጉልምስናቸው ዘመን ይዘውት አገር የዞሩበት ጊታር ነው። ክንድ በሚያርፍበት በኩል ቀለሙ ተልጦ እንጨቱ ይታያል። አንገቱ ከመጨበጥ ብዛት ቀጥኗል። ሌላ ሰው ቢሆን «አሮጌ ዕቃ» ብሎ ያልፈው ነበር። አምሃ ግን ያንን ቀጭን አንገት ሲያይ ጣቶቹ የዳኑ መሰለው። ያላዩት አገር አይናፍቅም ይባላል፤ እሱ ያላየው ጊታር ናፈቀው።

ደወለ። የሽማግሌው ድምፅ የደከመ ነበር።

«ለእጅ ይለሰልሳል ጋሼ?»

«ይለሰልሳል ልጄ። ግን መጥተህ፣ እጅህን አሳርፈህበት ወስን። በስልክ የማይነገር ነገር አለው።»

አምሃ ይህንን የሽማግሌ ፍቅር አድርጎ ወሰደው። ዕቃቸውን ለማያውቁት ሰው መስጠት ሆዳቸው እምቢ ብሏቸው ነው አለ። ደግሞ ሁዳዴ እያለቀ ነው፤ ከፋሲካ በኋላ ያለው የሰርግ ወቅት የባንዱ የዓመት ቀለብ ስለሆነ ልምምድ ላይ ናቸው። ድሬዳዋ ደርሶ መመለስ ከበደው። ሽብሩን አስታወሰ። ሽብሩ ዱሮ የባንዱ ድራም መቺ የነበረ፣ አሁን ድሬዳዋ ላይ የመኪና ዕቃ የሚነግድ ወዳጁ ነው። ጊታርም ያውቃል።

ሚስቱ አስካለ ግን ነገሩ አላማራትም።

«አምሃ፣ አንተ ጫማ ስትገዛ እንኳ ከተማውን ሁለት ጊዜ ትዞራለህ። ይሄን እንዴት ሳታየው?»

«ሽብሩ ካየው እኔ አየሁት ማለት ነው።»

«ሽብሩ ዓይኑን ያውስህ ይሆናል። ጣትህን ከየት ያመጣል?»

አምሃ ግን ስልኩን አነሣ። ለሽብሩ ደውሎ «አንገቱን በደንብ እይልኝ» አለው።

ሽብሩ ሱቁን ዘግቶ ሄደ። የጋሽ ተካልኝ በር ላይ ሲደርስ ድንኳን ተተክሏል። ሽማግሌው ሌሊቱን አርፈዋል።

እንግዲህ አንባቢዬ፣ ራስህን በሽብሩ ቦታ አድርገው። ዕቃ ሊያይ መጥቶ ለቅሶ ላይ ደረሰ። ኮፍያውን አውልቆ ገባ፤ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብሎ ተቀመጠ። ጊታሩ ፊት ለፊት ወንበር ላይ፣ ከሟች ፎቶግራፍ ጎን ቆሟል። አልቃሾቹ እሱን እያሳዩ ነው የሚያለቅሱት። ያንን ጊታር አንስቶ፣ ሆዱን እያንኳኳ፣ አንገቱን እየነቀነቀ ሊመረምር ነው? እኔም ብሆን አላደርገውም። ሽብሩም አላደረገውም። እስከ ሰልስቱ እየተመላለሰ አስተዛዘነ፤ ጊታሩን ግን በሩቁ ብቻ አየው።

በሰልስቱ ዕለት የሟች ባለቤት እትዬ የውብዳር ጊታሩን ይዘው ወደ ጓዳ ጠሩት።

«ለጊታሩ የመጣኸው አንተ ነህ አሉ። እሱ ቃል የገባውን እኔ አላጥፍም። ይኸው፣ እየው ልጄ።»

«ኧረ እትዬ! ምን ይታያል! የእሳቸው እጅ ያረፈበትን ነገር!»

እትዬ የውብዳር አንድ ነገር ሊናገሩ እንደፈለጉ ሁሉ የጊታሩን አንገት ዳሰስ አደረጉ። ሽብሩ አቀርቅሯል። ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ እንግዶቻቸው ተመለሱ።

ማታ አምሃ ደወለ።

«አየኸው?»

«አየሁት።»

«አንገቱስ?»

«አንገቱም… ጥሩ ነው። አምሃ፣ ሰውዬው እኮ አርፈዋል። ለቅሶ ላይ ነው የደረስኩት፤ እስከ ሰልስቱም ተቀመጥኩ።»

«ውይ! ነፍሳቸውን ይማር።»

አምሃ ሞኝ አይደለም። ለቅሶ ቤት ጊታር እንደማይመረመር ያውቃል። «ለመሆኑ ነክተኸዋል?» የሚለው ጥያቄ ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር። ነገር ግን ይህን መጠየቅ ሽብሩን አላመንኩህም ማለት ሆነበት። ሱቁን ዘግቶ፣ ለማያውቀው ሰው ሦስት ቀን የተቀመጠን ወዳጅ እንዴት ይመረምሩታል? «በቃ፣ አንተ ካልክ» አለና ስልኩን ዘጋ። የራሱን ጊታር ሸጠ፤ የጎደለውን ከዕቁቡ ሞላ፤ ብሩን ላከ።

ጊታሩ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ በአውቶቡስ መጣ። እውነቱን ለመናገር፣ ሲመጣ መልካም ነበር። አዲስ ክር አስሮ ቃኘው። ጣቶቹ በዚያ ቀጭን አንገት ላይ እንደ ልጅነቱ ሄዱለት። አምሃ እየተጫወተ አለቀሰ፤ አስካለም በመጠራጠሯ አፈረች። የሁዳዴው ልምምድ በዚህ ደስታ አለቀ።

ከፋሲካ በኋላ በመጀመሪያው ሰርግ ሙሽሮቹ አዳራሽ ሲገቡ ጊታሩ «ጧ!» አለ። አንገቱ ከሆዱ ተለይቶ ክሮቹ ላይ ተንጠለጠለ። የሙሽራዋ እናት «ምን ዓይነት ገድ ነው!» ብላ አማተበች። አምሃ ስብራቱን ወደ ብርሃን አዙሮ ሲያየው ውስጡ ሁለት የዛጉ ምስማሮችና የደረቀ ማጣበቂያ አገኘ። ጊታሩ ከዚህ በፊት ተሰብሮ ያውቃል። በምስማሮቹ ዙሪያ ያለው እንጨት ምስጥ በልቶት ዱቄት ሆኗል፤ ምንም ነገር የሚይዝ አይደለም። በሚቀጥለው ቅዳሜ የባንዱ አለቃ ሌላ ጊታር መቺ ይዞ ሄደ። ሰርግ አይጠብቅም፤ በሱም አይፈረድም።

አምሃ ሥራ ፈትቶ፣ እጁም ሥራ ፈትቶ ቤት ዋለ። ጠዋት ጠዋት ጣቶቹን በቀኝ እጁ እየዘረጋ ነበር የሚነሳው። በመጨረሻ አስካለ «ሂድና ንገራቸው። ሰው ናቸው፤ ይሰሙሃል» አለችው። የተሰበረውን ጊታር በዚያው ብርድ ልብስ ጠቅልሎ ድሬዳዋ ሄደ። ሽብሩ ጋ አልሄደም፤ ፊቱን ማየት ከበደው። በቀጥታ እትዬ የውብዳር ደጅ ደረሰ። እዚያ ግን ጥቅሉን ይዞ መግባት አስጠላው። ሐዘንተኛ ቤት ስብርባሪ ተይዞ ይገባል? በሩ አጠገብ ካለች ሱቅ አስቀምጦ «መጀመሪያ ልቤን ላረጋጋ፣ ሰላም ልበል» ብሎ ባዶ እጁን ገባ።

እትዬ የውብዳር ጥቁር እንደለበሱ ናቸው። ማንነቱን ሲነግራቸው ተነሥተው አቀፉት።

«አንተ ነህ አምሃ? እሱ እኮ ከመሞቱ በፊት ስላንተ አውርቶ አይጠግብም ነበር። በል ንገረኝ፣ ጊታሩ እንዴት ሆነልህ?»

አምሃ ቀና ሲል ከሟች ፎቶግራፍ ጋር ተያየ። ከአሰላ ጀምሮ ያጠናው ንግግር ነበረው። ‹እትዬ፣ አይቀየሙኝና ጊታሩ ተሰብሯል› የሚል አጭር ንግግር። ከአፉ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«በጣም ጥሩ ነው እትዬ። እጃቸው ወርቅ ነበር።»

እትዬ የውብዳር «እፎይ!» ብለው ተቀመጡና ዕንባቸው ወረደ።

«ልጄ፣ አሳረፍከኝ። ምን ያህል ስጨነቅ እንደነበር አታውቅም። ያ ጊታር ከመኪና ላይ ወድቆ አንገቱ ተሰብሮ ነበር፤ በምስማር መትቶ ያቆመው እሱ ነው። ‹ይህንን ሳትነግሪው እንዳትሸጪለት› ብሎኝ ነው የሞተው። ጓደኛህ ሲመጣ ‹ይጠይቀኛል፤ ሲጠይቀኝ እነግረዋለሁ› ብዬ ጠበቅሁ። አልጠየቀኝም። እኔም አፈሩ ሳይደርቅ ሙት ወቃሽ ልሆን? ዕቃውን ላጣጥልበት? አቃተኝ። ብሩን ግን እጄ አልነካውም፤ እንደታሰረ ሳጥን ውስጥ ነው። ‹ልጁ ቅር ብሎት ከመጣ እመልስለታለሁ› ብዬ ለእመቤቴ ነግሬ ነበር። አሁን ግን አርባው ደርሷል። ጥሩ ነው ካልከኝማ በሱ ተዝካሩን አወጣለታለሁ።»

ገና አልረፈደም ነበር። «እትዬ፣ ዋሸሁዎት» ማለት ብቻ ነበር የቀረው። ጥቅሉ ከበሩ ማዶ ነው፤ ብሩም ከጓዳው አላለፈም። አምሃ አፉን ከፈተ። እሳቸው ግን ዕንባቸውን ጠርገው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ብለው ምሳ ሊያቀርቡለት ተነሡ።

«ነፍሳቸውን ይማር» አለ።

ምሳውን በላ፤ ተመረቀ፤ ወጣ። ጥቅሉን ከሱቅ ተቀብሎ በዚያው ወደ አውቶቡሱ ሄደ። ተዝካሩ በደንብ ወጣ። አምሃ ግን ዳግመኛ ጊታር መግዛት አልቻለም፤ ዓመቱ ሳይዞር የግራ እጁ ጣቶች ወደ መዳፉ ታጥፈው ቀሩ። ዛሬ የሸሚዙን ቁልፍ የምትቆልፍለት አስካለ ናት። ምን እንደተፈጠረ ስትጠይቀው «እትዬ ሰው አይደሉም፤ ብሩን ከለከሉኝ» ብሏት ነበርና እሷም ያቺን ሐዘንተኛ እስከ ዛሬ ትረግማለች። ሽብሩ ደግሞ አምሃ ድሬዳዋ መጥቶ ሳይጠይቀው መሄዱን ከሰው ሰምቶ «ጊታር ገዛና ኮራብኝ» ይላል።

እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ክፉ ሰው ፈልጌ አጣሁ፤ የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ሌባ ቢኖርበት ረግመነው እንገላገል ነበር። ሽብሩ ሐዘንተኛ አከበረ። እትዬ የውብዳር ሙት አከበሩ። አምሃ ወዳጁን አከበረ፤ ባልቴቷንም አከበረ። ሁሉም ተከባብረው የአንድ ሰው እጅ ቀበሩ።

ይሉኝታ መልካም ነገር ነው፤ አብረን የምንኖረው በሱ ነው። ግን ሰው ፊት ላለማፈር ብለን የዋጥነው እውነት ዕዳው ሁልጊዜ የሚወድቀው እዚያ በሌለ ሰው ላይ ነው። በኋላም ወደ ራሳችን ይዞራል። እውነት ለቅሶ ቤትም ይነገራል። ዝግ ባለ ድምፅ፣ እጅ ይዞ፣ ጓዳ ገብቶ ይነገራል። ቅር መሰኘት ያልፋል፤ የደረቀ እጅ አይመለስም።

አሁን አንተን ልጠይቅህ። በቅርቡ ሳታየው «ጥሩ ነው» ያልከው ነገር የለም? በአንተ ቃል ተደግፎ ያለውን ሁሉ ሊሸጥ የተዘጋጀ ሰው ሊኖር ይችላል። ዛሬውኑ ደውለህ እውነቱን ትነግረዋለህ ወይስ እንዳታስቀይመው ብለህ ዝም ትላለህ?