ከረሜላዋን የማትቀምሰው ቀበሮ

አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ ወጥቶ አደይ አበባ ሸንተረሩን ቢጫ ባለበሰበት በመስከረም፣ ዳለቻ የምትባል አህያ ስኳር ተጭና ዳገት ትወጣ ነበር።

ስኳሩ የእመት ቀበሮ ነው። በዚያ ሸለቆ የመስከረም በዓል ሲደርስ የእንስሳቱ ልጆች አበባ ይዘው፣ እየዘፈኑ ከቤት ቤት ይዞራሉ፤ በየደጁም የሚቀመስ ነገር ይሰጣቸዋል፤ ሲመሽም ደመራ ይበራል። ድሮ የሚሰጣቸው እሸት፣ ጥንቅሽና ቆሎ ነበር። ቀበሮ ከነጋዴዎች ማረፊያ በምትሰርቀው ስኳር ቀይ ከረሜላ መሥራት ከጀመረች ወዲህ ግን ቆሎ የሚሰጥ ቤት ጠፋ። ዋጋ አትጠይቅም። «ለልጆች ደስታ ብዬ ነው» እያለች ለየቤቱ ታድላለች። ስኳሩን የምታመላልስላት ዳለቻም ለልጇ ከሁሉ አብልጣ ትወስድ ነበር።

ልጇ ድንቡሼ ይባላል። ሲወለድ ወፍራም ስለነበር ነው ይህን ስም ያወጣችለት። አሁን የጎድን አጥንቱ ይቆጠራል። ያን ዕለት ጠዋት ለምለም ሣር አቅርባለት፣ አንዴ አኝኮ ከነደሙ ተፋው። ሣር ማኘክ ያቃተው ውርንጭላ ደግሞ ክረምት አይደግምም።

ዳለቻ ይህን እያብሰለሰለች ቀበሮ ደጅ ደረሰች።

«እመት ቀበሮ፣ የልጄ ጥርስ በልዟል። ይሄ ከረሜላሽ ነው የጎዳብኝ።»

«ውይ እታለም! የልጅ ጥርስ እኮ ይወልቃል፣ ይበቅላል» አለች ቀበሮ ፈገግ ብላ። ጥርሷ ወተት ይመስላል።

«አንቺስ አትበዪም እንዴ?»

«እኔማ ጾም ላይ ነኝ።»

«ልጆችሽስ?»

«እነሱም ጾም ናቸው።»

ዳለቻ ወደ ጓዳው አጮለቀች። የቀበሮ ግልገሎች ተጋድመው አጥንት ይግጣሉ።

«አጥንት የሚያስግጥ የምን ጾም ነው?»

ወዲያው ጥግ ላይ ከተደፋው ድስት ውስጥ ድምፅ ተሰማ። አያ ጅቦ ነው። ጭንቅላቱን እስከ ጆሮው ከትቶ የተረፈውን ስኳር ይልሳል።

«እመት ዳለቻ፣ ከረሜላውንማ እንዳትከለክያቸው!» አለ፣ ከንፈሩን እያጣጣመ። «አምና የበሉት ውርንጭሎች እንዴት ያሉ መሰሉሽ! ቀጥነው፣ ዝለው፣ ሩጫ የሚባል ነገር የላቸው! ቆመው ነው የጠበቁኝ!»

«አንተ ድስትህን ላስ!» ብላ ቀበሮ በእርግጫ አለችው።

«ምን አጠፋሁ? ትራፊውን ላንቺ አልተውኩልሽም?»

የዳለቻ ጆሮዎች ቀጥ ብለው ቆሙ። አምና ከመንጋው የጎደሉትን ውርንጭሎች ጎርፍ ወሰዳቸው ተብሎ ተለቅሶ ነበር። እሷም ከእናቶቻቸው ጋር አልቅሳለች። በማግስቱ ደግሞ፣ እንባዋ ሳይደርቅ፣ ስኳር ልትጭን ወርዳለች። የማን ጀርባ ነበር ያንን ሁሉ የተሸከመው? ወገቧን አንዴ ስትነቀንቀው ጆንያው ወርዶ ፈነዳ፤ ስኳሩ ከጭቃው ጋር ተለወሰ።

«ሁለተኛ ይሄ ጀርባ ላንቺ አይጎብጥም!»

«ምን ሆንሽ? ጅብ ያለውን ታምኛለሽ?» አለች ቀበሮ ረጋ ብላ። «ይሁን። በዓሉ ግን ነገ ነው። ልጆቹ አበባ ይዘው ሲመጡ ምን ልትሰጪ ነው? ቆሎ? ዳለቻ ደኸየች ነው የሚባለው!»

«ይባላ!» አለች ዳለቻ። ይባላ ትበል እንጂ፣ ቃሉ እንደ እሾህ ተሰክቶባት ነው የሄደችው።

ከዚያ ወደ ጎረቤቶቿ ሮጠች፤ የሰማችውን ሁሉ ነገረቻቸው።

«ጅብ እኮ የሚናገረውን አያውቅም» አለች በግ። «እንዲህ ያለ ነገር በበዓል ዋዜማ አይወራም።»

ፍየል ግን አንገቷን ደፋች። «የእኔም ልጅ ቅጠል እያኘከ ያለቅሳል። ገብቶኛል። ግን በደጄ ዘፍነው ቆሎ ብሰጣቸው ጎረቤት ምን ይለኛል? አንቺ ጀምሪው፤ እኔ እከተላለሁ።»

«ጎረቤት!» ብላ ዳለቻ ጮኸች። «ጎረቤት ማን ነው? አንቺ እኔን ትፈሪያለሽ፣ እኔ በግን እፈራለሁ፣ በግ አንቺን ትፈራለች። ልጆቻችን መሀል ላይ ይለቁ?»

እየነደዳት ቤቷ ገባች። ቁጣዋንም ሥራ ላይ አዋለችው። ገብስ በጋለ ድንጋይ ላይ ቆላች። ኑግም አመሰች። ሁለቱን በተቦረቦረ ዐለት ውስጥ ጨምራ በኮቴዋ ወቀጠች፤ አንዳንዷን ምት ለቀበሮ፣ አንዳንዷን ለጅብ፣ ብዙውን ለራሷ እያለች። ደረቅ ሾላ በውሃ አርሳ፣ አድቅቃ፣ ከበሶው ጋር ለወሰችው። ማር ያስገባችው ለሽታ ያህል ብቻ ነው። በከንፈሯ እያድበለበለች ቅጠል ላይ ደረደረችው።

«በል ቅመስ» ልትል ዘወር ስትል፣ ድንቡሼ አንዱን አንሥቶ ምላሱ ላይ አሟሙቶታል።

«አያምም!» አለ ዓይኑን አፍጥጦ። «እማዬ፣ አያምም!»

በበዓሉ ቀን ከሰዓት ልጆቹ አበባቸውን ይዘው፣ እየዘፈኑ መጡ። ዳለቻ በሶዋን አቀረበች።

«ይሄ ምንድን ነው? ጭቃ ነው?» አለ የፍየል ግልገል።

«በሶ ነው! በበዓል በሶ! ከረሜላም የላቸው!» ብላ የበግ ልጅ ሳቀች።

ዳለቻ ጆሮዋ ጋለ። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ድንቡሼ ግን ከፊቷ ቆመ።

«መጀመሪያ ቅመሱና ከዚያ ስደቡ!»

የፍየል ግልገል እንደ መድኃኒት ጎረሰው። ሁሉም አፍ አፉን ያዩታል። ዋጠና፣ ጺሙን ላሰና፣ «ሌላ አለ?» አለ። ቅጠሉ ወዲያው ባዶ ሆነ።

ፀሐይ ልትገባ ስትል ልጆቹ ደመራ ወደሚበራበት ሜዳ አመሩ። ድንቡሼ ከኋላ ቀረ። የአንድ ቀን በሶ ጉልበት አይሆን። አያ ጅቦ በሜዳው ዳር ቁጥቋጦ ውስጥ ሆኖ የሚጠብቀው ይህንኑ ነበር። ዘሎ የኋላ እግሩን ያዘና ባለ በሌለ ኃይሉ ነከሰ።

ቀጭ!

የተሰበረው ግን የድንቡሼ አጥንት አልነበረም። በየበዓሉ ድስት ሲልስ የኖረው ጅብ ጥርሱ ውስጥ ውስጡን በስብሶ ኖሯል። «ወይኔ ጥርሴን!» ብሎ ሲያላዝን ሸለቆው ተናወጠ። ድንቡሼ ግንባሩን በእርግጫ ብሎት እያነከሰ ወደ እናቱ በረረ። እናቶች ደመራው ከተለኮሰበት ተሯሩጠው መጡ፤ ቀበሮም አንዱን ግልገሏን አስከትላ፣ ከረሜላዋን ይዛ ብቅ አለች።

«አንቺ ቀበሮ!» አለ ጅብ ደም እየተፋ። «የሚበሰብሰው የውርንጭሎቹ ጥርስ ነው አላልሽኝም ነበር? የእኔን ምን ነካው?»

ዓይን ሁሉ ወደ ቀበሮ ዞረ። እሷ ግን ቅንድቧም አልተነቃነቀ።

«እኔ ሠራሁ እንጂ አላጎረስኩም» አለች። «ያጎረሳችሁ እናንተ ናችሁ። ስኳሩን ያመላለሰችውም ዳለቻችሁ ናት።»

እናቶቹ መሬት መሬቱን አዩ። ዳለቻ ግን ቀና አለች።

«እውነቷን ነው። ተሸክሜአለሁ። ያን ሸክም እስክሞት አላወርደውም። ግን እመት ቀበሮ፣ ከረሜላሽ ምንም ከሌለበት፣ አንዷን እዚሁ፣ እያየን፣ ለልጅሽ አጉርሺው።»

የቀበሮ ግልገል ይህን ሲሰማ አፉን በሰፊው ከፈተ። ሌሎች ልጆች ሲበሉ እያየ ስንት ጊዜ ጎምጅቶ ነበር! ከእናቱ እጅ አንዷን መንጨቅ አድርጎ ወደ አፉ ሲያስጠጋ፣ ቀበሮ በጥፊ ብላ አስጣለችው።

«ጾም ነህ አላልኩህም!»

ከረሜላዋ እየተንከባለለች ሄዳ ፍየል እግር ሥር ቆመች። ፍየል ከረሜላዋን አየች፣ ቀበሮን አየች። ለበዓል ያስቀመጠችውን ከረሜላ በሙሉ አምጥታ የሚነደው ደመራ ውስጥ ጨመረችው። በግም ተከተለቻት። ቀበሮ ግልገሏን በማጅራቱ ነክሳ በጨለማው ተሰወረች።

በማግስቱ ጠዋት፣ ከእያንዳንዱ ደጅ የበሶ ውቀጣ ተሰማ።

ከዚህ የምንማረው፣ የሠራው ሰው ለገዛ ልጁ የማያጎርሰውን ነገር፣ ጎረቤት ምን ይለኛል ብለን ለልጆቻችን ማጉረስ እንደሌለብን ነው።