የተበላችው ገጽ

«ተረት ተረት!»
«አምጪው፣ ግን እንዳታስረዝሚው!»

አንዲት ሆዳም ፍየል ነበረች። ገና ፊደል ላልቆጠሩ የጎረቤት ልጆች የሥዕል መጽሐፍ ታነብላቸዋለች፤ አንብባ የጨረሰችውን ገጽ ግን ገንጥላ ትበላዋለች።

ከልጆቹ አንዷ ትንሽ ጃርት ናት። እሾኋ ስለሚወጋ ማንም ስሟት አያውቅም። ስለዚህ በየመጽሐፉ መጨረሻ የምትገኘውን ገጽ፣ እናት ልጇን የምትስምበትን ሥዕል፣ በጉጉት ትጠብቃለች።

አንድ ቀን ፍየሏ ቸኩላ ያቺን ገጽ ሳታሳያቸው ዋጠቻት።

«እትዬ ፍየል! ሥዕሏስ?» ብላ ጃርቷ ማልቀስ ጀመረች።

«ውይ! ሆዴ ገባች እኮ!»

«እኔስ አላየኋትም!»

«በቃ አታልቅሺ፣ እንዲህ ነበረች» አለችና ፍየሏ ጎንበስ ብላ፣ እሾህ የሌለበትን አፍንጫዋን ሳመቻት። ጢሟ ስለኮረኮራት ጃርቷ አስነጠሰች።

በማግስቱ ፍየሏ አዲስ መጽሐፍ ይዛ ስትመጣ ጃርቷ ተሽቀዳድማ የመጨረሻዋን ገጽ ገነጠለች። ጨው ነሰነሰችባትና አቀረበችላት።

«እትዬ፣ መጀመሪያ ይቺን ይብሉልኝ።»

ከኋላዋ ሌሎቹ ልጆች፣ ጦጣው፣ ቀበሮውና ጥንቸሏ፣ አፍንጫቸውን ጠርገው ተሰልፈዋል።

ተረቴን መልሱ፣ መጽሐፋችሁን ግን ለፍየል አታውሱ።